«ሥራ ቀይር» ለተባለው ወንድሜ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ሳልጨርሰው አልነሳም።

በአንባብያን ጥያቄ ዓምዳችሁ ላይ አንድ ሰው ጽፎ ነበር። ዕፅ መውሰድ ካቆመ 5 ወሩ ነው። አብረውት የሚሠሩት ግን ይወስዳሉ። «በየቀኑ ዓይኔ እያየ ነው፤ እስከ መቼ እንደምችል እንጃ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ በጣም አጭር ነበር። «ሥራ ቀይር፤ ከእነዚያ ሰዎች ራቅ» የሚል።

መልሱ ስሕተት ነው አልልም። የሚችል ሰው ይቀይር። አብዛኞቻችን ግን አንችልም። የቤት ኪራይ አለ። ልጅ አለ። ደግሞስ ሥራ ሲቀየር ዕፅ ይቀራል ያለው ማን ነው? እኔ ሁለት መጋዘን ሠርቻለሁ። ሁለተኛው ጋ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ማን ምን እንደያዘ ለይቼ ነበር። የለመደ ዓይን ወዲያው ነው የሚያየው።

የፎርክሊፍት ሹፌር ነኝ። የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። ዕፅ ከተውኩ 3 ዓመት ከ4 ወር ሆኖኛል። ይህን ሁሉ ጊዜ የቆየሁት ከሚወስዱ ሰዎች ጋር አንድ ማረፊያ ክፍል ውስጥ እየተቀመጥኩ ነው። ስለዚህ ለዚያ ጠያቂ ከ«ራቅ» ሌላ የምነግረው አለኝ። ለባልደረቦቹ፣ በተለይ ለማይወስዱት፣ ደግሞ የምለምናቸው ነገር አለ።

ብዙ ሰው ዕፅ ሲባል ጥግ ላይ የቆመ አስፈሪ ሻጭ ነው የሚታየው። ወደ እኔ የመጣው እንደዚያ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ በወዳጅ እጅ ነው የመጣው።

ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበርኩ። መሪውን እንደያዝኩ እያንጎላጀሁ ነበር። አብሮኝ የሚጭን ልጅ አየኝ። ከኪሱ ነጭ ክኒን አወጣ። በፊት ጥርሱ ለሁለት ከፈለው። ግማሹን መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋልኝ። የተነከሰው ጠርዝ በምራቁ ረጥቦ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይታየኛል። «እንካ ወንድሜ፣ እስኪነጋ ይይዝሃል» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። አዝኖልኝ ነው። ካለችው ላይ ነው ያካፈለኝ።

እምቢ ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው ያለችውን ከፍሎ ሲሰጥህ እንዴት አድርገህ እጁን ትመልሳለህ? ይህን በጤና ጽሑፎች ላይ ብዙም ሲነገር አላይም። ሁሉም «ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ» ነው የሚለው። የኔ ጓደኛ ግን መጥፎ አልነበረም። ከበድ ያለ ዕቃ ሲመጣ ሳልጠራው የሚደርስልኝ እሱ ነበር። መጥፎ ቢሆንማ እምቢ ማለት ምን ይከብድ ነበር?

ክኒኑ ከአምፌታሚን ወገን ነው። አምፌታሚን መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱም ወገን ሠራዊቶች ወታደሮቻቸው ነቅተው እንዲቆዩ እንዲህ ዓይነት አነቃቂ ክኒን ያድሉ ነበር። የሚያነቃ ነገር ስለሆነ ነው ሰው የሚሸነፍለት። በዚያች ሌሊት ከሁሉም በላይ ጫንኩ። ጭንቅላቴ ጥርት አለ። ድካሙ ግን የትም አልሄደም፤ ቀን ላይ ጠበቀኝ። የልቤ ምት ትራሱ ውስጥ እየተሰማኝ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ዋልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለመንቃት አንድ፣ ለመተኛት ሌላ ሆነ። ለመተኛት የምውጠው ከኦፒየም ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነበር። እሱም የተገኘው እዚያው፣ ሎከሮቹ ጋ ነው። የቀረውን አላረዝመውም። አንድ ዓመት ተኩል እንዲህ ሄደ። ትዳሬ ለጥቂት ተረፈ። በመጨረሻ ሕክምና ገባሁ፤ 7 ሳምንት ቆየሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ሕክምና ውስጥ ሆኖ አለመውሰድ ያን ያህል አይደለም። ሐራራው ያሠቃያል፤ ግን የሚሰጥህ ሰው የለም። ከባዱ መመለሱ ነው።

በተመለስኩበት ሌሊት ልጆቹ ደስ አላቸው። አቀፉኝ። በሌለሁበት ሥራዬን ተካፍለው ሸፍነውልኛል፤ ያለ ትርፍ ክፍያ። ከዚያ የዕረፍት ሰዓት ደረሰ። ያው መዳፍ ተዘረጋ። «ለእንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። አልወሰድኩም። አፌ ግን ምራቅ ሞላ። የሎከሩ በር ሲከፈት የሚያሰማው ሲጥጥ የሚል ድምፅ፣ የመብራቱ እዝዝታ፣ የጓንቱ ሽታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው «በል እንጂ» የሚሉኝ መሰለኝ። ያቺን ሌሊት በምን እንዳለፍኩ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ነፍስ የሚያድን ነው። ቆይቶ የተወ ሰው ሰውነቱ ልማዱን ይረሳል። ድሮ ምንም የማያደርገው መጠን፣ በተለይ ከኦፒየም ወገን ከሆነ፣ አሁን ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ከሕክምና ለወጣ ሰው «አንዴ ብቻ» የምትባለው ነገር ከምንም በላይ ታስፈራለች። ደግሞ ከሰው ኪስ የወጣ ክኒን ውስጡ ምን እንዳለ ሰጪውም አያውቅም። ፌንታኒል የሚባለው ከኦፒየም ወገን የሆነ ዕፅ ከሄሮይን 50 ጊዜ ያህል ይበረታል። በሐሰት በሚሠሩ ክኒኖች ውስጥ እየገባ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ያ ወዳጄ መዳፉን ሲዘረጋልኝ ሊገድለኝ አስቦ አይደለም። ግን ሊገድለኝ ይችል ነበር። የሚሰጡ ሰዎች ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ከሆነ ይህቺን ብቻ እንኳ ይያዙልኝ። ለተወ ሰው አትስጡት። ከወደዳችሁት አትስጡት።

«ራቅ» የሚለው ምክር መሠረት እንዳለው አውቃለሁ። ሕክምና ቦታ የነበረ አማካሪ አጫውቶኛል። ሊ ሮቢንስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን አጥንታ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ያህል እዚያ ሳለ ሱስ ይዞት ነበር። አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ግን፣ ከእነዚያ መካከል ተመልሰው ሱስ ውስጥ የገቡት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ናቸው። ቦታው ተቀየረ፣ አብሯቸው የሚውለው ሰው ተቀየረ፣ ሱሱም ላላ። ግን እነሱ አገራቸው ገቡ። እኔ በየማታው 4 ሰዓት ላይ ካርዴን መትቼ ወደዚያው እገባለሁ።

ያው አማካሪ ሌላም ነገር ነግሮኛል። እኔ የያዝኩት እሱን ነው።

ሰሎሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ ሙከራ አደረገ። ሰዎችን ያስቀምጥና መስመሮች ያሳያቸዋል። የትኛው ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ ልጅ እንኳ ይለየዋል። ግን ከአንዱ ሰው በቀር ሌሎቹ ሁሉ ቀድመው የተነገራቸው ናቸው። ሆን ብለው፣ በአንድ ድምፅ፣ የተሳሳተውን ይናገራሉ። ያ ምንም የማያውቀው ሰው ተራው ሲደርስ ምን ይበል? ከመልሶቹ ሲሶ የሚያህለው ከብዙኃኑ ጋር ሄደ። ዓይኑ እያየ! ከዚያ አሽ አንድ ነገር ብቻ ቀየረ። ከተቀመጡት መካከል አንድ ሰው እውነቱን እንዲናገር አደረገ። ስሕተቱ ከበፊቱ ወደ ሩቡ ወረደ። በአንድ ሰው።

ይህን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ያ መስመር የሚያየው ሰው እኔ ነበርኩ። ልክ ያልሆነውን አውቀዋለሁ። ግን ክፍሉ ሙሉ ሰው ሌላ ይላል።

የኔ አንድ ሰው በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ ጋሼ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ጡረታ ተጠግቶ ነበር። ሥራቸው ዕቃ ቆጠራ ነበር። ለዓመታት አብረን ስንሠራ አይወስዱም ነበር። ማንንም አይወቅሱም፤ ማንንም አይመክሩም። ዝም ብለው መስቀለኛ ቃል ይሞላሉ። ዝም ስለሚሉ እዚያ መኖራቸውን እንኳ በደንብ አላስተዋልኩም ነበር። አንድ የማይወስድ ሰው ከጎኔ ሦስት እርምጃ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ «ሁሉም ይወስዳል» እያልኩ አንድ ዓመት ተኩል ኖርኩ።

በተመለስኩ በሁለተኛው ሌሊት ሄድኩና አጠገባቸው ቆምኩ። «ጋሼ፣ እኔ ትቻለሁ። ግን ብቻዬን አልችለውም» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ቦርሳቸውን ከአግዳሚው ላይ አንስተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ተቀመጥኩ። ከፔርሙሳቸው በክዳኑ ሻይ ቀዱልኝ። ትንሽ ቆይቶ ያ ልጅ መጣና እንደልማዱ መዳፉን ዘረጋ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ «እኛ አንወስድም» አሉት። በቁጣ አይደለም። እንደ ሰዓት ነግረውት ወደ መስቀለኛ ቃላቸው ተመለሱ።

«እኛ» ነው ያሉት። ይህቺ ቃል ለኔ ከ7 ሳምንቱ ሕክምና አታንስም።

ነገሩ በዚህ አላለቀም፤ መደበቅም አልፈልግም። በሁለተኛው ወር ጋሼ ሦስት ሳምንት ፈቃድ ወጡ። አግዳሚው ባዶ ሆነ። በ9ኛው ቀን አገረሸብኝ። ግማሽ ክኒን፣ ከዚያ ሌላ ግማሽ። ዕድለኛ ሆኜ ተረፍኩ። ጠዋት ለባለቤቴ ራሴ ነገርኳት፤ በዚያው ቀን አማካሪው ጋ ሄድኩ። ከዕፅ ከሚያገግሙ ሰዎች ከመቶ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት እንደሚያገረሽባቸው ነገረኝ። ከደም ግፊትና ከአስም ሕሙማን ጋር የሚቀራረብ ነው አለኝ። መድኃኒቱን አቋርጦ ግፊቱ የጨመረበትን ሰው «አንተማ አትረባም» አንለውም፤ ወደ ሐኪም እንመልሰዋለን። 3 ዓመት ከ4 ወር ብዬ የምቆጥረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጠቀመኝን ለዚያ ጠያቂ ልንገረው።

እምቢታህን አሳጥረው። እኔ መጀመሪያ «ዛሬ ይቅርብኝ» እል ነበር። «ዛሬ» ካልክ ነገ ይጠይቁሃል። ሰበብም አታብዛ፤ ለሰበብ መልስ አለው ሰው። «ሆዴን አሞኛል» ስትል «ለሆድም ጥሩ ነው» ይልሃል። አሁን «አልወስድም፣ ተባረክ» ነው የምለው። ጨረስኩ። ከዚያ የሥራ ወሬ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «አታካብድ» ይሉኝ ነበር። አንዳንዱ ፋራ አለኝ። አልፎ አልፎ ያማል። ወር ሳይሞላ ግን ለመዱኝ። ሰው የሚነዘንዘው የሚያወላውለውን ነው።

በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች አራት ነገር ጠብቅ ይላሉ፤ ረኀብን፣ ንዴትን፣ ብቸኝነትን፣ ድካምን። የሌሊት ፈረቃ አራቱንም ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ሳልበላ አልገባም። ቀን መተኛቴን እንደ ሥራ ነው የምቆጥረው። መጋረጃው ወፍራም ነው፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ነው የሚያድረው። ቀላል ይመስላል። ግን 7 ሰዓት ሙሉ የተኛ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ክኒን ያን ያህል አያምረውም።

አምሮቱ ሲመጣ ደግሞ እንደማያልቅ ነው የሚመስለው። ያልቃል። አለን ማርላት የተባለው ተመራማሪ እንደ ማዕበል ያየው ነበር፤ ይነሳል፣ ይቆለላል፣ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኔ ሲብስብኝ ማሽኔን አጥፍቼ እወርድና ፓሌት እቆጥራለሁ። ከአንደኛው ረድፍ እስከ መጨረሻው። አንዴ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሦስተኛውን ስጀምር ጠፋልኝ።

ከሥራ ውጭም ሰው ይኑርህ። ናርኮቲክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ የተወ ሰው የሚተወውን ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ስብስብ ከሌለ ሁለት ሰውም ይበቃል። ጋሼ ፈቃድ ሲወጡ የወደቅኩት ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ ስለጣልኩ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ባልደረባህ ወስዶ ማሽን ላይ ሲወጣ ምን ታደርጋለህ?

አንድ ሌሊት ዝም ብያለሁ። የአንዱ ዓይን እንዴት እንደነበረ አይቼዋለሁ። ብናገር አሳባቂ እባላለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በፎርክሊፍቱ ሹካ የመደርደሪያውን ቋሚ መታው። ብረቱ እንደ ክርን ታጠፈ። ከላይኛው ደርብ ሁለት ሙሉ ፓሌት ወረደ። ከሥሩ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሁለት ልጆች መለያ እየለጠፉ ነበር፤ መቁረጫ ሊያመጡ ሄደው ነው የተረፉት። የለጠፉት ወረቀት ግማሹ ከፍርስራሹ ሥር ወጥቶ ይታይ ነበር። ያን ወረቀት አይቼ እስኪነጋ እጄ ተንቀጠቀጠ።

አሁን አንድ ደንብ አለኝ። ሰው ቤቱ የሚያደርገውን አልከታተልም፤ ስምም ይዤ አልዞርም። ማሽን ላይ ከወጣ ግን መጀመሪያ ራሱን አናግረዋለሁ። «ዛሬ አትንዳ፤ ያንተን እኔ እሠራለሁ» እለዋለሁ። እምቢ ካለ፣ ወደ ሱፐርቫይዘሩ እንደምሄድ ፊት ለፊት ነግሬው እሄዳለሁ። ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። አንደኛው ለሁለት ወር ሰላምታ ነፈገኝ። ሁለተኛው አሁን እሱም ሕክምና ላይ ነው።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 በሥራ ቦታ ስላለ የአልኮልና የዕፅ ችግር የአሠራር መመሪያ አውጥቷል። ችግሩ እንደማንኛውም የጤና ችግር ይታይ ይላል። የሠራተኛው ምስጢር ይጠበቅ፤ ከቅጣት ይልቅ ምክርና ሕክምና ይቅደም ይላል። ሥራው ራሱ ለችግሩ ምክንያት ሊሆን እንደሚችልም አይክድም። እኛ ጋ የታየው ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ብቻ ነው። ወረቀቱ የተለጠፈው ክኒኑ በሚሰጥበት ሎከር ላይ ነው። ሦስት ሌሊት በተከታታይ 12 ሰዓት የሚያሠራ አለቃ ሰዎቹ ለምን ክኒን እንደሚውጡ መጠየቅ የለበትም? ለተወው ሰው ደግሞ ከባድ ነገር አንለምንም። ሌላ የሚቀመጥበት ጥግ፣ ከማይወስድ ሰው ጋር የሚገጥም ፈረቃ፣ አማካሪው ጋ ለመሄድ የአንድ ሰዓት ፈቃድ።

የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ ውስጥ ናሎክሶን ቢኖርስ? ከኦፒየም ወገን በሆነ ዕፅ ትንፋሹ የቆመን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልስ የሚችል መድኃኒት ነው። በአፍንጫ የሚነፋ አለ፤ ሐኪም ያልሆነም ሰው ይሰጠዋል። አነቃቂ ለወሰደ አይሠራም፤ ከሰጡ በኋላም ሐኪም ቤት ማድረስ ግድ ነው። ፋሻ ካለ እሱም ይኑር።

ከሁሉ በላይ ግን የምለምነው የማይወስዱትን ነው። በየሥራ ቦታው አላችሁ። ዝም ብላችሁ ስለምትቀመጡ አትታዩም። ስብከት አንፈልግም፤ ጋሼ አንድም ቀን አልሰበኩኝም። አንድ የሚታገል ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ መዳፉ ሲዘረጋ «እኛ አንወስድም» በሉለት። እናንተ ምንም አይጎድልባችሁም። ለእሱ ግን ክፍሉ ይለወጣል።

ጋሼ ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። ፔርሙሱን ትተውልኝ ነው የሄዱት። ሰኞ ሌሊት ከሕክምና የተመለሰ አንድ ልጅ ማረፊያ ክፍል ገባና በሩ ጋ ቆመ። የት እንደሚቀመጥ አላወቀም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር፤ እየተንቀጠቀጠ እንደሆነ ግን ገባኝ። ቦርሳዬን ከአግዳሚው ላይ አንስቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ